የመሪጌታ ይሻው ጆሮ

መሪጌታ ይሻው ዓይናቸውን ያጡት ገና ዳዴ ሲሉ፣ በኩፍኝ ነው። ብርሃን ምን እንደሚመስል ስለማያስታውሱ አይናፍቁትም ነበር። የሚያስታውሱት ሌላ ነው። ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ታላቅ እህታቸው አሰለፈች የበትራቸውን ጫፍ ይዛ፣ ከገሳይ ከተማ በላይ ካለው መንደራቸው እስከ ቤተልሔም፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ እስከሚጠናበት ደብር ድረስ፣ በእግር ወስዳቸዋለች። እሷ በሰው ቤት ስትፈጭ፣ እሳቸው ድጓውን በቃል ሲያጠኑ፣ ሁለቱም በዚያው ጎለመሱ።

ወደ መንደራቸው ማርያም ሲመለሱ መሪጌታ ተብለው ነበር። ማኅሌት ሲቆም ዜማውን የሚያነሡት እሳቸው ናቸው፤ ሌላው ይከተላል። ደብተራው ሁሉ አብሮ እየጮኸ እንኳ አንዱ ከመስመር ቢወጣ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ “በግራ በኩል ከከበሮው አጠገብ ያለኸው፣ ወይ አስተካክል ወይ ዝም በል” ይሉታል። ሕዝቡ ይህን እያወራ ይስቃል፤ እየሳቀም ያከብራቸዋል። ዓይን የሌለው፣ መሬት የሌለው፣ ሚስት ያላገባ ሰው በዚያ አገር በምን ይከበራል? መሪጌታ ይሻው በጆሯቸው ነበር የሚከበሩት። ከዚያ ሌላ ምንም አልነበራቸውም።

አሰለፈች ስትሞት ጥላዬ የሚባል አንድ ልጅ ትታ ነው። “ይሹ፣ ልጄን አደራ” አለቻቸው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እሳቸውም ከሰንበቴው ከሚደርሳቸው እየቆረሱ፣ ከተማሪ ወላጅ በሚመጣ እህል እየደገፉ አሳደጉት። ልጁ አድጎ እናቱ ትይዘው የነበረውን የበትር ጫፍ ያዘ። ገነት የምትባል የጉና ሥር ልጅ አገባ። ሦስቱ በአንድ ቤት ይኖሩ ጀመር።

ማሽኑን ያመጣው አስናቀ ነው። አስናቀ ገሳይ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ወፍጮ ቤት አለው። ከምዕራብ በኩል ከወርቅ ቆፋሪዎች የገዛው የብረት መፈለጊያ ማሽን ነበር፤ እጀታው ረጅም፣ ጫፉ ላይ እንደ ሰታቴ ክዳን ያለ ሳህን የተገጠመለት። ምን እንዳገኘ በቁጥር የሚያሳየው መስተዋቱ ተቃጥሏል። የቀረው ድምፁ ብቻ ነው፤ እሱም በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። አስናቀ በየፍርስራሹ ዞሮ ምስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ ሲለቅም ከርሞ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘ አንድ ሰው፣ “ጆሮ ያለውን ሰው አትጠይቅም?” አለው።

በማግሥቱ መሪጌታ ደጃፍ ላይ ቆመ።

“መሪጌታ፣ መሬት ውስጥ የሚዘፍን ነገር ቢኖር ይለዩታል?”

“መሬት ይዘፍናል እንዴ፣ አቶ አስናቀ?”

“በዚህ ማሽን ይዘፍናል። ለእኔ ግን ሁሉም ጢጥ ጢጥ ነው የሚለኝ።”

“ዘፈንስ አላውቅም” አሉ መሪጌታ። “ዜማ ከሆነ እንሞክረው።”

አስናቀ ሳቀና አስረዳቸው። የድሮ ሰው ጠገራ ብሩን በማሰሮ ይቀብር ነበር፤ ገበያ ላይም ይጥል ነበር። የተገኘው እንደ እርሻ በእኩል ይካፈላል። መሪጌታ ለራሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሣሩ የረገፈው፣ የሚያስተምሩበት የዜማ ቤት በቆርቆሮ እንዲከደን። ቤቱ ከረገፈ ወዲህ ተማሪዎቹ ወደ ደብረ ታቦር ሄደውባቸዋል።

“ይከደናል” አለ አስናቀ። ከዚያ ወደ ጥላዬ ዞረ። “ቆፋሪው አንተ ነህ። ሰው ቢጠይቅ የውኃ ቱቦ እየፈለግን ነው በል። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ።”

ጥላዬም፣ አገሩም ያውቀዋል። ዱቄት ሲሰርቅ የተያዘውን የወፍጮ ሠራተኛ በገበያ ቀን ከምሰሶው ጋር አስሮ በብሎን ማጥበቂያ ብረት ጣቶቹን መትቶታል። ያ ሰው ዛሬም እጁን መጨበጥ አይችልም።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ጋፋት ላይ ነበር። አስናቀ በአይሱዙው ወስዶ አወረዳቸው። ጋፋት ጥንት ለአፄው መድፍ ሲሠራ ብረት የቀለጠበት ቦታ ስለሆነ፣ ዛሬ ገብስ በሚዘራበት አፈር ሥር የብረት አር፣ የቀለጠ ብረት ዝቃጭ፣ ሞልቷል። ማሽኑ ማሳው ውስጥ ከገባ ጀምሮ ያለ ዕረፍት አጓራ። አስናቀ ተሳደበ፤ “ናፍጣዬን አቃጠልሁ” አለ። መሪጌታ ግን ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ቆመው ቀሩ። ዝቅ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ፣ መጨረሻው ቁርጥ የሚል ድምፅ ነው።

“ይኼ ዕዝል ነው” አሉ። “ብረት በዕዝል ነው የሚጮኸው። በርታ፣ ጥላዬ! የማይፈለገውን አወቅነው ማለት እኮ እኩሌታውን ጨረስን።”

በቤተ ክርስቲያን ዜማው ሦስት ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። መሪጌታም መሬቱን በእነዚሁ መደቡት። ዕዝል ብረት ነው። ምስማር ተጋድሞ ሲገኝ ሁለት ጊዜ ይጮኻል፤ ማረሻ ከሆነ ድምፁ ይሰፋል፣ ሳህኑ ካለፈ በኋላ እንኳ ያጉረመርማል። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀትና ያለቀ ባትሪ መካከለኛ ናቸው፤ እነሱን ግዕዝ አሏቸው። ቀለህ ከግዕዝ ከፍ ይላል፣ ግን ውስጡ ባዶ እንደሆነ ያስታውቃል። ጥላዬ የቆፈረውን ሁሉ በእጃቸው ላይ ያስቀምጥላቸዋል፤ እሳቸው ይዳስሱታል። “ጆሮ ይሰማል፣ እጅ ይመሰክራል” ይሉ ነበር። የተመሰከረለትን ድምፅ ደግሞ አይረሱም። እንዲህ ነው የተማሩት፤ መምህሩ አንድ ጊዜ “ይህ ይህ ነው” ካለ፣ አለቀ።

በመጋቢት፣ ማሳው ታጭዶ ከብት ሲለቀቅበት፣ ወደ አሮጌው ገበያ ሜዳ ወረዱ። ገበያው ወደ አስፋልቱ ከተዛወረ ዘመን አልፎታል፤ የቀሩት ሁለት ወይራዎችና አንድ የእግር መንገድ ናቸው። መሪጌታ ሳህኑን ከቀኝ ወደ ግራ እያወዛወዙ ከወይራው ሥር ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

“ምንድን ነው፣ አጎቴ?”

“ቆይ።” ሳህኑን መለሱት። በሌላ በኩል ዞረው አሳለፉት። “ልጄ፣ ይኼን ሰምቼው አላውቅም። ከየትም ቢመጡበት አንድ ነው። አይሰነጠቅም። አራራይ ነው! ንጹሕ አራራይ። ቆፍር።”

ጥላዬ በዶማው ጥቂት ጫረና አፈሩን በጣቱ ፈለፈለው። ብሩ ወጣ። የጠቆረ፣ ክብ፣ ከባድ ጠገራ ብር ነው፤ በላዩ የተቀረጸችው ሴትዮ ጡትና አንገት ከአፈሩ ሥር በደንብ ይታያል። ቀና ሲል አጎቱ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። መዳፋቸው ክፍት ነው። ፊታቸው ላይ በዓመት በዓል ቀን ብቻ የሚታይ ደስታ ነበር።

ጥላዬ ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ብሩን ኪሱ ከተተ። ወደ መንገዱ ዳር ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ ሰካራም የጣለውን የቢራ ቆርኪ አነሣ፤ አፈር አሸው፤ የአጎቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

“ቆርኪ ነው፣ አጎቴ።”

መሪጌታ ቆርኪውን በአውራ ጣታቸው አዞሩት፣ ጥርሱን ዳሰሱት። ደስታው ከፊታቸው ወዲያው አልወረደም፤ ቀስ እያለ ነው የወረደ።

“ቆርኪ ብቻ? ለቢራ መክደኛ እንዲህ ያለ ድምፅ ማን ሰጠው?”

“እኔ ምን አውቄ።”

“እንግዲህ እንወቀው” አሉ፤ ተነፈሱም። “ይኼ የቆርኪ ድምፅ ነው።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥላዬ በግራ ኪሱ ቆርኪ ይዞ ይወጣል። ንጹሑ አራራይ በተሰማ ቁጥር ብሩ ወደ ቀኝ ኪሱ ይገባል፣ ቆርኪው አፈር ታሽቶ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። መሪጌታ አንድ ነገር ታውቋቸው ነበር። ከመሬት የወጣ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ምስማሩም፣ ቀለሁም እንደ ምንጭ ውኃ ይቀዘቅዛል። ቆርኪው ግን ከዶሮ ሥር እንደወጣ እንቁላል ሙቅ ነው። የልጁ መዳፍ ነው አሉ በልባቸው፤ ሲቆፍር ውሎ እጁ ግሎ ነው። አሳዘናቸው። ማታ እግሩን በውኃ እንድታጥበው ገነትን ለመኗት።

እውነተኛ ቆርኪም በየቦታው ነበር። የእሱ ድምፅ ከፍ ብሎ ይጀምርና ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። መሪጌታ ይህን “አሮጌ ቆርኪ”፣ ያንን ንጹሑን ደግሞ “አዲስ ቆርኪ” ብለው ለዩት፤ ሁለቱንም ከማይፈለገው ጋር መደቡት። ትምህርታቸው ሞላ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ጥላዬ አልጠበቀውም። መሪጌታ ንጹሑን አራራይ ሲሰሙ ሳህኑን አንሥተው ያልፉ ጀመር።

“ምነው አለፉት?” አለ አንድ ቀን፣ ፊታቸው ሲበራ አይቶ፣ ወዲያው ደግሞ ሲያልፉ አይቶ።

“ቆርኪ ነው።”

“እንቆፍረው እንጂ!”

“መሬቱ ድንጋይ ሆኗል። ወገብህን ሲያምህ ማደሩን አልሰማሁም መሰለህ? ለቆርኪ አላደክምህም።”

“ምናልባት ሌላ ነገር ቢሆንስ?”

“አንተው አይደለህ በእጄ ላይ ያስቀመጥኸው?” ቅር አላቸው። “በሌላው ቀልድ፤ በጆሮዬ ግን አትቀልድ።”

ከዚያ በኋላ ለጥላዬ እያዩ ማለፍ ሆነ። አጎቱ ያለፉበትን ቦታ በዓይኑ መትሮ ብቻውን ተመልሶ ቢቆፍር፣ ሜዳው ሰፊ ነውና ምንም አላገኘም። ማሽኑን ራሱ ቢይዘው ሁሉም ጢጥ ጢጥ ሆነበት። መሪጌታ በራሩለት ቁጥር እየጠላቸው ሄደ።

ለገነት ሲነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። “ቆርኪ ብለህ አስተምረኸው፣ አሁን ብር አምጣልኝ ብትለው ከየት ያመጣል? አንተው አደንቁረኸው!”

“ዝም በይ፣ ይሰማል።”

“ይስማ። ምን ገብቶት?”

አስናቀም ትዕግሥቱ አለቀ። ቀለህና ምስማር ብቻ ሲመጣለት ሁለት ወር አለፈ። በግንቦት በገበያ ቀን፣ ወፍጮ ቤቱ ግቢ ሴቶች እህል ይዘው ተራ ሲጠብቁ፣ መሪጌታንና ጥላዬን አስጠራ። ከአንጥረኛው ከኑሩ ዘንድ አንድ ጠገራ ብር ተውሶ ነበር፤ ኑሩም ብሩን ሊጠብቅ አብሮ መጥቷል። አስናቀ መሬት ላይ አራት ጆንያ አነጠፈና ከየጆንያው ሥር አንድ አንድ ነገር አስገባ።

“መሪጌታ፣ ዛሬ ፈተና ነው” አለ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። “እስቲ እንደ ዜማው ያንሡት።”

መሪጌታ አልከፋቸውም። ፈተና ይወዱ ነበር። ማዳመጫውን አጠለቁና የመጀመሪያው ላይ ሳህኑን አሳለፉ።

“ምስማር ነው። ተጋድሟል።”

ጆንያው ተገለጠ፤ ምስማር ነው። ሴቶቹ እልል አሉ።

“ይኼ ማረሻ ነው፤ ጫፉ የተበላ።”

ማረሻ ነበር። “ወይ ጆሮ! ጉድ እኮ ነው” አለች አንዷ።

“ይኼ አሮጌ ቆርኪ።”

ቆርኪ ነበር። አስናቀ ራሱ ጢሙን እየዳበሰ ማድነቅ ጀመረ። መሪጌታ አራተኛው ላይ ደረሱ። ንጹሑ ድምፅ መጣ፤ ከቀኝም ከግራም አንድ ነው። ፈገግ አሉ።

“ይኼም ቆርኪ ነው። አዲስ ቆርኪ።”

አስናቀ ጆንያውን ገለጠው። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ።

“እጅዎን ይዘርጉ” አለ አስናቀ።

መዳፋቸው ላይ ያረፈው ከባድና ቀዝቃዛ ነበር። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ጠርዙ ላይ ጽሑፍ፣ መሐሉ ላይ የሴትዮዋ ጡት። በልጅነታቸው ከእናታቸው አንገት ላይ ነክተውት ያውቃሉ።

“ብር ነው፣ አባ” አለ ኑሩ፣ በሐዘኔታ። “ከእኔው ሳጥን የወጣ።”

“ጠገራ ብርን ቆርኪ የሚል ጆሮ!” አለ አስናቀ። “ይኼን ጆሮ ይዘው ነው እግዜርን የሚያመሰግኑት?”

“ለመሪጌታ ቢራ ክፈቱላቸው!” አለች አንዲት ሴት። “መክደኛውን ለድግምት ይፈልጉታል!”

“አንድ ጊዜ ልድገመው” አሉ መሪጌታ።

ብሩን ራሳቸው መሬት ላይ አስቀምጠው ሳህኑን አሳለፉ። ያው ነው። ከወይራው ሥር የሰሙት፣ ሲያልፉት የከረሙት፣ ያው ንጹሕ አራራይ። ከጎናቸው የጥላዬ ትንፋሽ ሲቆም ሰሙ። በጣታቸው ላይ የቆርኪው ሙቀት መጣባቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው።

አስናቀ ሳቁን አቋረጠ። ሞኝ ሰው አይደለም። “ቆይ እስቲ” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ምስማሩን አወቁ፣ ማረሻውን አወቁ። ብሩን ብቻ እንዴት ሳቱ? ቆርኪ ነው ብሎ ያስተማረዎት ሰው አለ?” ወደ ጥላዬ ተጠጋ። “አንተ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ምን ነበር የምትቆፍረው?”

ጥላዬ ዓይኑን ከአስናቀ አሸሸ። ከወፍጮው በር አጠገብ፣ ጣቱ የማይታጠፈው ሠራተኛ ቆሞ ያያል።

መሪጌታ ማዳመጫውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። “አዎ፣ አለ” ቢሉ፣ ጆሯቸው የነበረውን ያህል ሆኖ ይኖራል፤ ግቢው ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። የአሰለፈች ልጅ ግን ከዚያ ምሰሶ ጋር ይታሰራል።

“ማንም አላሳተኝ” አሉ። “ጆሮዬ ነው። ከሞተ ቆይቷል። ድምፅ ከድምፅ ይቀላቀልብኛል፤ አፍሬ ነው ያልተናገርሁ።”

“ታዲያ ምስማሩን?”

“ገመትሁት።”

አስናቀ ምራቁን ተፋ። “ሁለት ወር!” አለ። ማሽኑን ከእጃቸው ነጠቀና ወደ ውስጥ ገባ። ሴቶቹ ወደ ወረፋቸው ተመለሱ። ኑሩ ብሩን አንሥቶ በኩታው ጠረገው፤ “አላህ ይርዳዎት” ብሎ ሄደ።

አስፋልቱን ለቀው የእግር መንገዱን ሲይዙ ጥላዬ የበትሩን ጫፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል።

“ጥላዬ” አሉ መሪጌታ። “ቆርኪው ሁልጊዜ ሙቅ ነበር።”

ጥላዬ መራመዱን አላቆመም። “እና ምን ይሁን?”

“ምንም። ሙቅ ነበር ነው የምለው።”

“ብትናገር ኖሮ ዛሬ ማን ይመራህ ነበር?” ለመጀመሪያ ጊዜ አጎቱን አንተ አላቸው። “እዚያው ወፍጮ ቤት ቁጭ ብለህ ትቀር ነበር። ለእኔ ብለህ እንዳይመስልህ።”

መሪጌታ ከኋላው መከተላቸውን ቀጠሉ። ጥላዬ ግን ቆመ፤ ሌላ ሐሳብ መጣለት፤ ድምፁም ለሰለሰ።

“አጎቴ፣ ያለፍናቸው የት የት እንደሆኑ ያስታውሱ የለም? እርስዎ የሰሙትን አይረሱም። ማሽኑን ከአስናቀ በሌላ ሰው በኩል ተከራይቼ ማግኘት አያቅተኝም። አሁን ካወቁት…”

“አላውቃቸውም።”

“እንዴት አያውቋቸውም?”

“ጆሮዬ ሞቷል ስል አልሰማህም?”

ጥላዬ የበትሩን ጫፍ ለቀቀው። በትሩ መሬት ነካ። መሪጌታ የሚርቅ እርምጃ ሰሙ፤ ከዚያ ያም ጠፋ። በስተቀኝ ገደል እንዳለ ያውቃሉ፤ ከሥሩ ውኃው ይሰማል። ቆሙ። ነፋስ ተነሣ፣ ዝናብ ማካፋት ጀመረ፤ ነጠላቸው ራሰ። ጥላዬ ብዙ አልራቀም ነበር፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እያያቸው ነው። እንዲለምኑት ነበር የጠበቀው። አልለመኑም። በመጨረሻ ሰዎች ከገበያ ሲመለሱ ድምፃቸው ሲሰማ ተነሥቶ መጣና በትሩን ያዘ። “ና እንግዲህ” አለ። “ሰው ያየናል።”

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ነበር መንደር የደረሰው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ለመሪጌታ ይጮኽላቸው ጀመር፤ ጆሯቸው ሞቷል ተብሏልና። “እንደምን አደሩ!” እያለ የጎረቤት አፍ ጆሯቸው ሥር ይከፈታል። ገነት ምግቡን አስቀምጣ “ከፊትዎ ነው!” ብላ ትጮኻለች፤ ከፊታቸው ግን አያገኙትም፤ ሲዳስሱ እጃቸው ወጡ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በተራ ድምፅ፣ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው፣ “ይኼ ሽማግሌ መቼ ይሆን የሚያሳርፈን?” ትላለች። ይሰማሉ። የማይሰማ ሰው መስለው ይቆርሳሉ። ጥላዬ ብሮቹን እየቋጠረ ደብረ ታቦር ሲመላለስ ሰነበተ፤ መኖሪያ ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ። የዜማ ቤቱ እንደረገፈ ቀረ።

የደብሩ አለቃ በሰኔ መግቢያ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን እሳቸውም ጮኹ። “መሪጌታ! የሰኔ ጎልጎታ ደርሷል! ሕዝቡ ስለ ጆሮዎ ያወራል! ለዘንድሮ ሲሳይ ያንሣ፤ እርስዎ ይረፉ!”

ሲሳይ የእሳቸው ተማሪ ነበር። ድምፁ ያማረ፣ ችኩል ልጅ ነው።

“ይሁን” አሉ መሪጌታ። ራሳቸው በአደባባይ የመሰከሩት ነው።

በሰኔ ሃያ አንድ ታቦቱ ወጣ። ደብተራዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በግራ በቀኝ ቆሙ፤ መሪጌታን መጨረሻ ላይ፣ ከልጆቹ ጎን አቆሟቸው። ጥላዬ አዲስ ኮት ለብሶ ከጀርባቸው ቆሟል። ሲሳይ አነሣ። ድምፁ ግቢውን ሞላው፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሦስተኛው ሐረግ ላይ ሲደርስ ግን ወደ ደረት መውረድ ያለበትን ቃል ወደ ላይ ሰቀለው። ተማሪ ሳለም እዚያው ቦታ ላይ ነበር የሚስት፤ ስንት ጊዜ መልሰውታል። ግራው ተከተለው። ቀኙም ተከተለው። ስሕተቱ በከበሮ ታጅቦ እየደመቀ ሄደ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨብጠው ለመቆም ሞከሩ። በሁለተኛው ዙር ያው መጣ። በወፍጮ ቤቱ ግቢ ለሰው ብለው ዋሽተዋል፤ በታቦቱ ፊት ግን ዝም ማለት አልቻሉም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያን ቃል ወደ ነበረበት፣ ወደ ደረት፣ አወረዱት።

ዜማው ተደነቃቀፈ። ከበሮው ቆመ። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

“ምን ሆኑ?” አለ አንዱ ደብተራ።

“እንዲህ ነው” አሉ መሪጌታ። “ሲሳይ፣ ወደ ታች ነው። አስታውስ፣ ልጄ። ወደ ታች ነው።”

ሲሳይ ቀልቶ ቆሞ ቀረ። ስሕተቱን የሚያውቅ ይመስል ነበር። አፉን ሊከፍት ሲል ከሕዝቡ መካከል አንድ ጎረምሳ “ቆርኪ!” ብሎ ጮኸ። ሳቁ ከሴቶች በኩል ተነሣ፤ ከዚያ ወደ ወንዶች ተሻገረ፤ ከደብተራዎቹም አንዳንዱ በነጠላው አፉን ሸፈነ። ሲሳይም ሳቀ። ሲስቅ ቀለለው።

“የኔታ፣ ይረፉ” አለ። “እኛ እንጨርሰዋለን።”

“መሪጌታ፣ በማርያም!” አሉ አለቃው፣ ከታቦቱ አጠገብ ሆነው። “በዓሉን አያውኩብን!”

ጥላዬ ክንዳቸውን ያዘ። “ታመው ነው” አለ ለሰዉ፤ “ሰሞኑን ራሳቸውን አያውቁም።” ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ “አይ ጥላዬ፣ የአንተስ ትዕግሥት!” ያሉትም ነበሩ። በበሩ አውጥቶ፣ ከግንቡ ሥር ልመና የሚቀመጡት ባሉበት ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው። መቋሚያቸውን ከእጃቸው ወሰደ። “እዚህ ሁን” አላቸውና ወደ በዓሉ ተመለሰ።

ከበሮው እንደገና ጀመረ። ያ ቃል ወደ ላይ እየተሰቀለ መጣ፤ ሕዝቡም በጭብጨባ ተቀበለው። መሪጌታ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከእነሱ እኩል፣ በለሆሳስ ያነበንቡ ጀመር። ቃሉ ላይ ሲደርሱ ወደ ደረት አወረዱት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

ከጎናቸው የተቀመጠች የኔ ቢጤ በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው።

“አባ፣ ዝም ይበሉ እንጂ” አለች። “ያንን የመሰለ ዜማ እኮ እንዳልሰማ ከለከሉኝ።”